የተራ አስከባሪዋ መንጋጋ

የሚወልቀው ጥርሷ ከአፏ ተፈናጥሮ አስፋልት ላይ የወደቀው፣ ሁለት ሾፌሮችን ልትገላግል መሀል የገባች ቀን ነው።

በመናኸሪያው ጡሩምባ ነው የምትባለው። ሥራዋ ተራ ማስከበር ነው፤ የትኛው አውቶቡስ ቀድሞ እንደሚጭን፣ የትኛው ወረፋ እንደሚጠብቅ የምትወስነው እሷ ናት። በደህናው ዘመን ከበሩ ጫፍ ሆና አንዴ ከተጣራች፣ ጓሮ ጎማ የሚቀይር ረዳት ሳይቀር ብሎኑን ጥሎ ይሮጥ ነበር። ሰው ሠራሽ ጥርስ ካደረገች ወዲህ ግን ጮክ ስትል የላይኛው ይወርዳል፣ የታችኛው ይነሳል፣ ቃሉ መሀል ላይ ተቀርቅሮ ይቀራል። ስለዚህ በአንድ እጇ ማዘዝ፣ በሌላው አፏን መሸፈን ለመደች።

የዚያን ቀን ጠዋት አንድ እንግዳ ሾፌር ወረፋ ጥሶ አውቶቡሱን ከፊት ደነቀረ። ተረኛው ሻምበል ነበር። ሻምበል የሚሉት ድሮ ወታደር ስለነበረ ነው፤ አንገቱ ከትከሻው የተጣበቀ፣ ለእሷ እንደ ወንድም የሚሆን፣ ለሌላው ግን ቁጣው አፍንጫው ጫፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። ወርዶ እንግዳውን በኮሌታው ከመሪው መነጨቀው። ያኛውም ባዶ እጁን አልወረደም፤ የክሪክ እጀታ ይዞ ነበር። ሻምበል ግንባሩ ተፈንክቶ ደሙ ዓይኑ ውስጥ ገባ፤ እሱም በዕውር ድንብሩ በጭንቅላቱ ገጭቶ የሰውዬውን አፍንጫ ሰበረው።

“በቃ! ተላቀቁ!” ብላ መሀላቸው ገባች። የማን እንደሆነ ያልታወቀ ክርን አገጯን አገኘው። የታችኛው ጥርሷ ወጥቶ ተንከባለለ፤ ወደ ኋላ ይመለስ የነበረ አውቶቡስ ወጣበት። ከጎማው ሥር ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ።

ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ሳቀ። ሻምበል ደሙን ሳይጠርግ ሄዶ በጥፊ አላጋው። ሳቁ ቆመ። እሷ ግን ስብርባሪው ፊት ተንበርክካ ቀረች። ልትለቅመው ነበር፤ ለቅማ ምን እንደምታደርገው ግን አላወቀችም።

የራሷን ጥርስ ያሳጣት ባሏ ነው። ጎሚስታ ነበር፤ የጎማ መጠገኛ ሱቁ ከመናኸሪያው አጥር ጀርባ ነበር። ቅናቱ ጉድ ነበር። አንድ እሁድ ከሰዓት፣ አንድ ሾፌር የነገራትን ቀልድ ለልጇ እያወራች ከት ብላ ስትስቅ የጎማ መፍቻ እንደያዘ ገባ። “ለማን ነው የምትስቂው?” አለ። መልስ አልጠበቀም። በመጀመሪያው ምት የላይኛው ረገፈ። በሁለተኛው ወለሉ ላይ ነበረች፤ የታችኛው ያኔ ነው የሄደው። “ተወኝ፣ ወድቄልሃለሁ፣ ተወኝ” ብላዋለች። አልተዋትም። ያኔ ገና ትንሽ የነበረችው ልጇ በር ላይ ቆማ ጎረቤት እስኪደርስ ጮኸች። እሱ ወህኒ ወረደ፣ እሷ ሐኪም ቤት። የተረፉትን ጥርሶች ሐኪሞቹ እያወላለቁ ጣሉ፤ ሥሮቻቸው ተናግተው ነበር።

ያቺ ልጅ አሁን ልብስ ሰፊ ሆናለች። የጥርሱን መሰበር ስትሰማ የልብስ ስፌት መኪናዋን አቁማ መጣች።

“እማዬ፣ ሌላ የሚወልቅ አታሠሪም። አጥንት ላይ ይተከላል አሉ፣ ኢምፕላንት የሚሉት። አይነቃነቅም።”

“አጥንቴን ሊበሱት?”

“በማደንዘዣ እኮ ነው። ትንሽ ጥርስሽን ነክሰሽ ትችይዋለሽ።”

“በየትኛው ጥርሴ?” አለች እናትየው። ልጅቷ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ አለቀሰች።

ክሊኒኩ ፎቅ ላይ ነው። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ የራጅ ፊልሙን ብርሃን ላይ ሰቅላ በእስክሪብቶ እያሳየች አስረዳቻት።

“እናቴ፣ አጥንት ሥራ ሲፈታ ይመነምናል። ጥርስ ከወጣ በኋላ የሚጫነው ነገር ስለሌለ፣ የታችኛው መንጋጋዎ እየሳሳ ሄዷል። ጥርሱ የሚንሸራተተው ለዚህ ነው፤ የሚቀመጥበት ጉብታ የለውም። የላይኛው ግን ላንቃ ላይ ስለሚጣበቅ በልክዎ አዲስ ብንሠራው ይበቃል። ለታችኛው ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው እንደገና የሚወልቅ ሠርተን በማጣበቂያ መያዝ ነው። መቁሰል የለውም፤ ግን አጥንቱ መመንመኑን ስለማያቆም ከጊዜ በኋላ እዚሁ ወንበር ላይ እንገናኛለን። ሁለተኛው አራት ትንንሽ ብሎኖች አጥንቱ ውስጥ መቅበር ነው። አጥንቱ እስኪይዛቸው ወራት እንጠብቃለን፤ ከዚያ ጥርሱ እንደ ልብስ ቁልፍ እላያቸው ላይ ቀጭ ይላል። ለማጠብ ያወልቁታል፤ ሲያወሩ ግን አይወልቅም።”

“ላይዝስ ይችላል?”

“ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ይይዛል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም።”

ይህን ማለቷን ወደደችላት። እንዲያው “አይዞሽ” የሚል ሰው ሰልችቷታል። ሳምንት ሙሉ አሰበችበት። መልሳ መላልሳ የምታስበው ስለ ሕመሙ አልነበረም፤ ሰው ብረት ይዞ ፊቷ ላይ ሲጎነበስ ዝም ብላ መጋደም እንዴት እንደምትችል ነበር። በመጨረሻ ለልጇ፣ “ለቤቱ ማደሻ ያስቀመጥነው ለዚህ ይሁን፤ ጣራው ቢያፈስም ባልዲ አለ” አለቻት።

በቀዶ ጥገናው ቀን ማደንዘዣው በደንብ ሠራ። ሕመም አልነበረም። ድምፁ ነው የገደላት። መሰርሰሪያው አጥንቷን ሲነካ ጩኸቱ በጆሮዋ ሳይሆን በራስ ቅሏ ውስጥ ገባ፤ መንጋጋዋ ሲንቀጠቀጥ የጎማ መፍቻው፣ ወለሉ፣ የደሙ የብረት ጣዕም ተመልሶ መጣ። ሳታስበው የሐኪሟን የእጅ አንጓ ጨብጣ ጠመዘዘችው። መሰርሰሪያው ወድቆ ወለሉ ላይ ተሽከረከረ። ነርሷ ጮኸች።

ሐኪሟ እጇን እያሻሸች ቆየችና ጭንብሏን ዝቅ አደረገች። “ማን ነበር የመታዎት?”

ነገረቻት። በደነዘዘ ከንፈር፣ ግማሹን በእጇ እያሳየች።

“ዛሬ እንተወው?”

ጡሩምባ ጣሪያውን እያየች፣ “እጄን ሳነሳ ትቆሚያለሽ?” አለቻት።

“በመሀል ቢሆንም እቆማለሁ።”

ሥራው ቀጠለ። ጥቂት እንደሄደ እጇን አነሳች። መሰርሰሪያው ቀጥ አለ። አልታመመችም ነበር፤ እውነት ይቆም እንደሆነ ለማየት ነው ያነሳችው። በዓይኗ “ቀጥዪ” አለቻት። አራተኛው ብሎን እስኪገባ ሁለተኛ አላነሳችም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት የሾርባና የገንፎ ነበሩ። ድዱ እስኪድን ታች ምንም እንዳታደርግ ተብላለች፤ አፏን በሻርፕ ሸፍና ሥራዋን ቀጠለች። በዚህ መሀል ባሏ ከወህኒ ወጣ።

እኩለ ቀን ላይ፣ መናኸሪያው በሰው ጢም ባለበት ሰዓት መጣ። ሸብቷል፣ ከስቷል፤ ሸሚዙ ግን በንጽሕና የተተኮሰ ነበር።

“ቤቴ ልገባ ነው የመጣሁት” አላት። “ሽማግሌ ልልክ ብዬ፣ በመካከላችን ምን ሽማግሌ ያስፈልጋል ብዬ ተውኩት።”

“ቤት የለህም። ሂድ።”

“ምን አልሽ? አይሰማኝም። ያንን ግለጪው እስኪ።” ሻርፑን ከፊቷ ገፈፈው። አይቷት ሳቀ። “ወይ ጉድ! አፍሽ ጉድጓድ ሆኗል እኮ!”

“ቆፋሪው አንተ ነህ” አለችው።

ሻርፑን አንገቷ ላይ ጠምጥሞ ሳበና በቡጢ መታት፤ አንዴ፣ ደግሞም። የቲኬት መሸጫው ቆርቆሮ ላይ አላተማት። ሦስተኛውን ሲሰነዝር እጁን አየር ላይ የያዘው ሻምበል ነው። አጥንት ሲሰበር ተሰማ። ሰውዬው ጮኾ ወደቀ። ከዚያ ሌሎቹ ሾፌሮች መጡ።

መጀመሪያ ላይ ደስ አላት። ይህን ለማንም አልደበቀችም፤ ጫማቸው ጎኑ ላይ ሲያርፍ ልቧ “እሰይ” አለ። ቀጥሎ ግን ሰውዬው እጆቹን ፊቱ ላይ አጣምሮ፣ “ወድቄያለሁ፣ ተዉኝ” ሲል ሰማች። ማንም አልተወውም። ሻምበል ጭንቅላቱን በጫማው እየረገጠው ነበር፤ የሰውዬው አንድ ዓይን የነበረበት ቦታ ደም ብቻ ሆኗል።

“ተዉት! ሊሞት ነው! ተዉት!” ብላ ጮኸች። ጥርስ በሌለው፣ ባበጠው አፏ ቃሉ ተጨማልቆ ወጣ፤ “በሉት” የምትል የመሰለውም አለ። ሌላ መላ ስታጣ ሄዳ እላዩ ላይ ተደፋች። የመጣው ጫማ ሊመለስ አልቻለም፤ መንጋጋዋን አገኘው።

ፖሊስ ደርሶ ሁሉንም በተነ። ሰውዬው ሲነሳ ይተነፍስ ነበር።

ሐኪሟ አዲሱን ራጅ ብርሃን ላይ ሰቀለችው። “አጥንትዎ አልተሰበረም” አለች። “አንዱ ብሎን ግን ተናግቷል፤ አይድንም። አውጥተን በሦስቱ ላይ መሥራት እንችላለን፤ ይይዛል፣ ግን እንዳሰብነው አይጠብቅም። ወይም ቁስሉ ሲድን አጠገቡ እንደገና እንተክላለን። መሰርሰሪያው እንደገና ነው እንግዲህ።”

ልጅቷ እናቷን በጭንቀት አየቻት። “እማዬ፣ ሦስቱ ይብቃሽ። ስቃይሽን አየሁት።”

“አይሆንም። አንዴ ገብቼበታለሁ። አራት ነው የጀመርኩት፣ አራት ይሁን።”

ችሎት የቀረበችው አዲሱ ብሎን ከገባ በኋላ፣ ጥርሱ ግን ገና ሳይገጠም ነው። ባሏ አንድ ዓይኑን በፋሻ ሸፍኖ ተቀምጧል። ሻምበልና ሦስት ሾፌሮች በሌላው ወገን ቆመዋል፤ እነሱም ተከሰው ነበር። ያደረገባትን ከሥሩ ተናገረች፤ የድሮውንም የአሁኑንም። ዳኛው ቃሏን እንድትደግም ሲጠይቋት ቀስ ብላ ደገመች። ከዚያ፣ “ከወደቀ በኋላ የመታው ማን ነው?” አሏት።

ሻምበል ዓይኑን ከእሷ አልነቀለም።

“መጀመሪያ ያዳነኝ ሻምበል ነው” አለች። “ከወደቀ በኋላም የረገጠው ሻምበል ነው። ሁለቱም እውነት ነው።”

ባሏ ተመልሶ ወህኒ ወረደ። ሌሎቹ ሾፌሮች በገደብ ተለቀቁ፤ ሻምበል ግን ጥቂት ወራት ታሰረ፤ መንጃ ፈቃዱም ታገደ። እንደተፈታ መናኸሪያ መጥቶ ፊቷ ቆመ።

“እኔ ላንቺ ብዬ ነው” አለ። “እህቴ ናት ብዬ። አንቺ ለገዳይሽ መሰከርሽ!”

“ለእሱ አልመሰከርኩም። ወለል ላይ ወድቄ ‘ተወኝ’ ስል የተመታሁት እኔ ነኝ፣ ሻምበል። እሱ ሲለው ሰማሁት። ሰምቼ እንዳልሰማ መሆን አልቻልኩም።”

አጠገቧ ምራቁን ተፍቶ ሄደ። እቤቷ ገብታ አለቀሰች፤ ለባሏ ጨርሶ ያልወጣት እንባ ለሻምበል ወጣ።

ጥርሱ የተገጠመው ከዚያ በኋላ ነው። ሐኪሟ አውራ ጣቷን ጫን ስታደርገው ቀጭ፣ ቀጭ ብሎ ተቀመጠ። በምላሷ ገፋችው፤ አልተነቃነቀም። ከክሊኒኩ ወርዳ ከመንገድ ዳር የተጠበሰ በቆሎ ገዛችና ግድግዳ ተደግፋ ጋጠችው። አገጯ ደክሞት፣ ጡንቻው ሥራ ረስቶ፣ እያረፈች ነው የጨረሰችው። ልጅቷ ስታያት ቆይታ፣ “ለኔ አታካፍዪም?” አለቻት። “ያንቺ ጥርስ በነጻ የመጣ ነው፤ በቆሎሽን ግዢ!” አለቻት አፏን ሳትሸፍን።

ሻምበል መንጃ ፈቃዱ ተመልሶለት ሥራ ጀመረ። ተራው ደርሶ ስትጠራው ይመጣል፣ ይጭናል፣ ይሄዳል። ሰላምታ የለም። ሌሎቹ ሊያስታርቋቸው ሞክረው ሰለቻቸው።

አንድ ቀን ሞቅ ባለ ረፋድ፣ አውቶቡሱ ሞልቶ ሞተሩ እየሠራ ሳለ፣ መስኮቱን ዝቅ አደረገ። ፊት ለፊት እያየ ነው የተናገረው።

“ያ ሐኪም ቤት የት ነው?”

“ለማን ነው?”

“ለእናቴ። የታችኛው እየወለቀባት ነው። መብላት ትታለች።”

“ልውሰድልህ?”

“ቦታውን ብቻ ንገሪኝ።”

ነገረችው፤ በየትኛው መታጠፊያ፣ ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደሆነ። ለእናቱም፣ “እጇን ስታነሳ እንዲያቆሙላት አስቀድማ ትጠይቅ” አለችው። ሻምበል አንዴ ራሱን ነቀነቀ። ማርሽ አስገብቶ ከበሩ ወጣ፤ እሷም ቀጣዩን አውቶቡስ ጠራች።