ቀይ መብራት ያላት የባትሪ ሳጥን

ሰፈሩ የሚያውቀው ሽቦ በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። ስሙ የወጣለት በሙያው ይሁን በሰውነቱ ቅጥነት ያከራክራል፤ እሱ ራሱ ግን «ሁለቱም ልክ ነው፣ አትጣሉበት» ይላል። ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግንባት ክፍል ከአንድ ልብስ ሰፊ ጋር በጣውላ ብቻ የተለየች ናት። እሱ ሬዲዮ ሲሞክር ልብስ ሰፊው ዜና ይሰማል፤ ልብስ ሰፊው ማንጎራጎር ሲጀምር ደግሞ እሱ ሬዲዮውን ከፍ ያደርጋል። እናቱ የሞተችው ነፍስ ሳያውቅ ነው። ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት፤ እትዬ ይላታል።

እትዬ ዕድሜዋን የጨረሰችው በአውቶቡስ መናኸሪያ ነው። መስኮቷ መስታወት በሆነ ጠባብ ክፍል ተቀምጣ፣ የትኛው አውቶቡስ ከየትኛው በር እንደሚነሳ፣ የጠፋው ልጅ የት ቆሞ እናቱን እንደሚጠብቅ በድምፅ ማጉያ ስትናገር ኖራለች። ጠረጴዛዋ ላይ አንዲት ቀይ መብራት ነበረች። መብራቷ ስትበራ የሚነገረው የሕዝብ ነው፤ አይሳልም፣ አይሳቅም፣ ወንበር እንኳ አይንቋቋም። ስትጠፋ የራስ ነው፤ ሾፌር ይታማል፣ ቲኬት ቆራጭ ይሰደባል፣ ያደረ ቀልድ ይቀጠላል።

ሽቦ ሁለቱንም ድምፆቿን ከልጅነቱ ጀምሮ ለይቶ ያውቃል። ከማጉያው የሚወጣው እንደተተኮሰ ጨርቅ መጨማደድ የሌለበት ነው። የቤቱ ድምፅ ሻካራ ነው፤ መሃሉ ላይ በሳቅ ይሰበራል፤ «አንተ ሽቦ፣ ዛሬም እህል ሳትቀምስ ልትወጣ ነው?» ብሎ ከኋላ ይይዛል።

ሕመሙ ሲጀምር መጎርነን ብቻ ነበር። ጉንፋን ነው ተባለ፤ አቧራ ነው ተባለ። ኋላ ላይ ሐኪሙ ሽቦን ለብቻው አስቀምጦ ነገረው።

«ዕጢው ማንቁርቷን ይዞታል። ማንቁርቷ ካልወጣ እሷን አናተርፋትም።»

«ከወጣ በኋላስ ትናገራለች?»

«በአንገቷ በኩል ትተነፍሳለች። ድምፅ ግን አይኖራትም።»

ቀጠሮው ለሰኞ ሳምንት ተያዘ። ሽቦ የሆስፒታሉን ደረጃ ሲወርድ በልቡ የያዘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያን የቤቱን ድምፅ ማስቀረት። የመናኸሪያውን አልፈለገውም። እሱን ተሳፋሪ ሁሉ ሰምቶታል።

በዚያው ቀን ደንበኛ ረስቶት የቀረ ትልቅ ማይክ ከአሮጌ የድምፅ መቅጃው ጋር አገናኝቶ አልጋዋ አጠገብ አቆመላት። እትዬ ገና ስታየው ወገቧን አቃናች፣ ሻሿን አስተካከለች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«የተከበራችሁ መንገደኞች...»

«እትዬ፣ እኔ ነኝ እኮ።»

«ምን ላድርግ፣ ይሄን ነገር ሳየው አፌ ራሱ ነው የሚሄደው» ብላ ሳቀች። ሳቋ ወዲያው ወደ ሳል ተለወጠ። ማይኩን ዞር ሲያደርገው የቤቱ ድምፅ መጣ፤ ሲመልሰው ተመልሶ ሄደ።

ስለዚህ ማይኩ የማይታይ መሆን ነበረበት። ሽቦ ከተሰበሩ ስልኮች ውስጥ የሽምብራ ክክ የሚያህሉ ሁለት ማይኮች ፈታ። ልብስ ሰፊው በነጠላዋ ጠርዝ ላይ፣ በግራና በቀኝ፣ ሁለት ትንንሽ ኪስ ሰፋላቸው።

«በሕይወቴ ከዚህ ያነሰ ኪስ ሰፍቼ አላውቅም» አለ። «ምን ሊገባበት ነው፣ ደሞዝህ?»

እንዲህ ያሉ ትንንሽ ማይኮች ኃይል ካላገኙ ደንቆሮ ናቸው። አሮጌው መቅጃ ደግሞ ኃይል አይሰጥም። ከግድግዳ ሶኬት ቢወስድ የመስመሩ እምምታ ከድምፁ ጋር ይገባል፤ መብራትም በየሰዓቱ ይጠፋል። የቀረው ባትሪ ነው። ሽቦ የከረሜላ ቆርቆሮ ወስዶ የማይኮቹና የመቅጃው ገመድ እንዲያልፍ ጎኑን በሳ፤ ቆርቆሮ የመረጠው የውጭውን እምምታ ስለሚመልስ ነው። ባለ ዘጠኝ ቮልት ባትሪ ከውስጥ አስቀመጠ። ለእያንዳንዱ ማይክ ኃይሉን የሚቀንስ ሬዚስተር፣ ድምፁን አሳልፎ የባትሪውን ኃይል የሚያስቀር ካፓሲተር በየደ። ማጥፊያ አላበጀላትም። ማይኮቹ ከባትሪ የሚወስዱት ወፍ ከኩሬ የምትጠጣውን ያህል ነው፤ ዓመት ሙሉ ቢበሩም አይጨርሱትም። ማጥፊያ ቢኖር ደግሞ አንድ ቀን ተረስቶ ጠፍቶ ይቀራል ብሎ ፈራ።

እትዬ ሳጥኗን በእጇ አገላበጠቻት።

«አሁን ይሄ እየሰማ ነው?»

«እየሰማ ነው።»

«በምን አውቃለሁ?»

«እኔ እየነገርኩሽ።»

«አንተ ማን ነህ፣ መብራት ነህ? መብራት ለሌለው ነገር ተናግሬ አላውቅም። ግድግዳ ከማናገር በምን ይሻላል?»

ሽቦ አንድ መብራት የሁለቱን ማይኮች ብዙ እጥፍ እንደምትበላ ያውቃል። ይህን ለማንም ደንበኛ ሳያቅማማ ይነግረው ነበር። ግን ስንት ነገር ሊወሰድባት ለተዘጋጀች እህቱ ትንሽ መብራት መከልከል አልሆነለትም። እስከ ሰኞ ታደርሳለች ብሎ በልቡ አሰላ። ባትሪው በመስኮቱ መደርደሪያ ላይ ስንት በጋ ፀሐይ ሲመታው እንደከረመ ግን ሒሳቡ ውስጥ አላስገባም። አንዲት ትንሽ ቀይ መብራት ከራሷ ሬዚስተር ጋር በባትሪው ላይ በየደላት፤ ቀንም ሌትም እንድትበራ ሆነች። ሳጥኗን በጨርቅ ከረጢት አድርጎ ከአልጋው ራስጌ ሰቀላት፤ መብራቷ በከረጢቱ የቁልፍ ቀዳዳ በኩል ወደ ትራሱ፣ ወደ እትዬ ብቻ ታያለች።

«እንዳትነኪው» አላት። «መቅጃውን የማበራውም የማጠፋውም እኔ ነኝ።»

«አልነካም። አንተም አንድ ቃል ግባልኝ። ድምፄ እያለ እንዳትሰማው። አጠገብህ ቁጭ ብዬ እንደ ሟች አትስማኝ።»

ቃል ገባላት።

ጠዋት ጠዋት መቅጃውን አብርቶ ወደ ሱቁ ይሄዳል። ሲመለስ የመቅጃው የሰዓት ቁጥር መሄዱን ያያል፣ የተቀዳውን ሳይሰማ ያስቀምጣል፣ የመቅጃውን ባትሪ ይለውጣል። ወደ ከረጢቱ ማዶ ዞሮ ያየበት ቀን የለም። ማየት ያለባት እሷ ናት፤ መብራቷም የተሠራችው ለእሷ ነው።

ቅዳሜና እሑድ ሱቅ አልከፈተም። ከሰዓት በኋላ በበሩ ስንጥቅ ድምፅዋ ይመጣ ነበር። ቃሉ አይለይም፣ ዜማው ግን የቤቱ ነው፤ ሻካራው፣ በሳቅ የሚሰበረው። ረጅም ሰዓት አወራች። አንዴ ሳቀች። አንዴ ደግሞ ስታለቅስ ሰማ፤ ከዚያ እንደገና ቀጠለች። ሽቦ ጆሮው ወደ በሩ ሲሳብ ተሰማው። ቃሉን እንዳያፈርስ ጫማውን አጥልቆ ወጣ። በመኖሪያም ጎረቤቱ የሆነው ልብስ ሰፊ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ አየው።

«ምነው፣ ቤትህ እሳት ገባ?»

«እትዬ እያወራች ነው።»

«ታዲያ ግባና ስማታ።»

«ይቀዳል» አለ ሽቦ። «ኋላ እሰማዋለሁ።»

ሰኞ ተወሰደች። ቀዶ ጥገናው እንደታሰበው ሆነ፤ ሐኪሙ በመጠኑ ፈገግ አለ። ሽቦ የመቅጃውን ማዳመጫ ለማጥለቅ የደፈረው እሷ ትራስ ተደግፋ መቀመጥ ከቻለች በኋላ ነው። ሱቁን ከውስጥ ቆለፈ።

የመጀመሪያው ቀን ጥርት ያለ ነበር። «ይህን መልእክት የማስተላልፈው ለወንድሜ ነው» ትላለች፣ እንደተተኮሰ ጨርቅ። ጣሪያው ከዝናብ በፊት እንዲታይ፣ እሱም ሚስት እንዲያገባ በዚያው በመንገደኞች ድምፅ አሳሰበች። ሁለተኛውም ቀን እንዲሁ ነበር፤ ሳል በመጣባት ቁጥር ይቅርታ ትጠይቃለች። ከዚያ በኋላ ድምፅዋ እየሳሳና እየተሰነጣጠቀ ሄደ። ሽቦ ሕመሙ ነው ብሎ አሰበ። ዓርብ ከሰዓት ላይ መልእክቷን ከመሃል አቋረጠች።

«ኧረ ጠፋች» አለች፣ በቤቱ ድምፅ። «እሰይ፣ ተገላገልኩ። በል እንግዲህ፣ አንተ ሽቦ...»

የቀረው ሽሽ የሚል ባዶ ድምፅ ነው። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተው፤ ሽሽታው ብቻ ከፍ አለ። ቅዳሜን አዳመጠ፣ እሑድን አዳመጠ፤ በበሩ ስንጥቅ የሰማው ሳቅና ልቅሶ በየትኛውም ሰዓት አልነበረም። ቤት ሄዶ ከረጢቱን ከራስጌው አውርዶ ወደ ሱቁ አመጣና ቆርቆሮውን ከፈተ። ብየዳው ሁሉ እንደሠራው ነው። ባትሪውን አውጥቶ እንደ ልማዱ ምላሱን አስነካው። ብረቱ ቀዘቀዘው እንጂ አልነከሰውም።

ከጣውላው ማዶ ልብስ ሰፊው «ሽቦ፣ ምን ሆንክ? ዛሬ ምንም አታሰማም» አለ። ሽቦ ባትሪውን ኪሱ ከቶ ወጣ።

ሆስፒታል ሲደርስ እትዬ የምትጽፍበት ሰሌዳ ጭኗ ላይ ነበር። ፊቱን አይታ ቀድማ ጻፈች፦ «ሰማኸው?»

«እስከ ዓርብ ሰማሁ» አለ። «መብራቷ መጥፋቷን አይተሽ ነበር?»

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

ነገሩ ግራ እንዳጋባት ቅንድቧን ሰብስባ አየችው። ከዚያ ጻፈች፦ «መብራት ጠፍቶ የተወራ ይቀዳል እንዴ?»

ሽቦ ባትሪውን የበላችው መብራቷ እንደሆነች ሊነግራት አፉን ከፈተና ተወው።

«ምን ነበር ያልሽው?» አለ።

እትዬ ብዕሩን አነሳች። አንድ መስመር ጻፈችና በመዳፏ አበሰችው። እንደገና ጀመረች፣ እሱንም አበሰች። ቆይታ «ሲጻፍ ሌላ ነው» ብላ ጻፈችና ሰሌዳውን አልጋው ላይ አስቀመጠችው። እጅጌውን ይዛ ወንበሩን ወደ ራሷ እንዲያስጠጋ ጎተተችው።

ከንፈሯን ማንቀሳቀስ ጀመረች። አላሳጠረችውም፤ እንደ ቅዳሜው በእጇም በዓይኗም እያወራች፣ አንድ ቦታ ላይ ትከሻዋ በሳቅ እየተነቀነቀ ቀጠለች። ከአንገቷ ቀዳዳ አየር ይገባል፣ ይወጣል። ሽቦ ዓይኑን ከከንፈሯ ሳይነቅል ተከተለ። ስሙን ሁለት ጊዜ ለየ፤ ሌላውን አልለየም። እስክትጨርስ ድረስ እንደገባው ሰው ራሱን እየነቀነቀ ተቀመጠ።