ያልደረቀው ሙጫ

ፈጣሪ ደስታን በማን እጅ እንደሚልክ አይታወቅም። ተጎትተው የተወሰዱ መኪኖች በሚቆዩበት ግቢ፣ በኃላፊው መስኮት ፊት አንዲት አረጋዊት አዋላጅ ቆመዋል። የነጭ ጋዋናቸው ኪስ በሕፃናት ካልሲ ተወጥሯል፤ በእጃቸውም ከምሰሶ ላይ የላጡትን፣ መኪና ማቆም የሚከለክለውን የመንገድ ሥራ ማስታወቂያ ይዘዋል።

«እማማ፣ ከተለጠፈ እኮ ሦስት ቀኑ ነው» አለ ኃላፊው።

«የተለጠፈው መኪናዬ ከተወሰደች በኋላ ነው፤ እስቲ ንካው ልጄ።»

ነካው። ወረቀቱ ከጣቱ አልላቀቅ አለ፤ ተሰላፊው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ።

«ተመስገን፣ ምስክር ሰጠኝ! በል አሁን መኪናዬን ልቀቅልኝ፤ ምጥ የያዛት ሴት ትጠብቀኛለች።»

ኃላፊውም እየሳቀ መልቀቂያውን ፈረመላቸው። እርሳቸው ግን በሩ ላይ ሲደርሱ መለስ ብለው በአትኩሮት አዩት።

«ይህን ጆሮ አውቀዋለሁ! በእነዚህ እጆቼ ነው የተቀበልኩህ፤ አንተም እናትህን ሳታስጠነቅቅ ነበር የመጣኸው!»