የልጄን መቃብር ፍለጋ ዩኒቨርሲቲ ሄጄ

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ይሄን የምትጽፈው የልጄ ልጅ ናት። እንዳልኩት ጻፊው፣ አታሳምሪው ብያታለሁ።

እሁድ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ነው የተነገረን። መንገድ ሊሰፋ ነው፣ የመቃብሩ ቦታ ግማሹ ይነሳል፣ ሰው የቀበረ በአንድ ወር ውስጥ ተመዝግቦ አጽሙን ያንሳ ተባለ። ስም የተጻፈበት ሐውልት ያለው ወዲያው ይመዘገባል። የሌለው ማስረጃ ያምጣ። ያልተመዘገበውን ግሬደር ይገፋዋል።

እኔ እዚያ ሁለት አለኝ። አንዱ ባለቤቴ ነው፤ እሱ ሐውልት አለው። ከጎኑ አንዲት ክንድ የማትሞላ ድንጋይ አለች፤ እሷ የመጀመሪያ ልጄ ናት። ስድሳ ቀን ሲሞላት ትኩሳት ያዛት። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ እናትም እስከዚያ ቤተ ክርስቲያን አትገባም። ትንፋሿ እየተቆራረጠ ሲመጣ ባለቤቴ በነጠላ ጠቅልሏት ወደ ቄሱ ሮጠ። ሲመለስ እጁ ባዶ ነው። «አይዞሽ፣ ደርሰው አጥምቀዋታል። ግቢ ውስጥ ነው ያሳረፍናት» አለኝ። ሰማንያው ቀን ሲሞላ ወስዶ ድንጋይዋን አሳየኝ። ይኸው አርባ ምናምን ዓመት ያንን ድንጋይ ስስም ኖርኩ። እሱም ሲሞት «ከልጄ ጎን አድርጉኝ» አለ፣ አደረግነው።

ላስመዘግባት ሄድኩ።

«እማማ፣ ለሕፃኗ ምን ማስረጃ አለዎት?» አለኝ የቤተ ክርስቲያኑ ጸሐፊ።

«ድንጋይዋ አለች።»

«ድንጋይማ የትም አለ።»

ወደ እድራችን ሊቀ መንበር ሄድኩ። እኩያዬ ነው፣ አብረን ነው ያረጀነው። ማን ሞቶ የት እንደተቀበረ የሚጻፍበት መዝገብ ነበረን፤ ጸሐፊው ባለቤቴ ነበር።

«መዝገቡ እኛ ጋ የለም» አለኝ። «ያ ተማሪ ነው የወሰደው። ምን ያደክምሻል?»

ያኔ ትዝ አለኝ። ሰፈራችን ላፍቶ ገና ማሳ ሳለ አንድ ቀጭን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይመጣ ነበር፣ ቴፕ በትከሻው አንጠልጥሎ። ለመመረቂያው የእኛን እድር ታሪክ ሊጽፍ ነው። ባለቤቴ ወደደው። ከሰዓቱን ሙሉ ሲያወጉ ይውላሉ፣ እኔ ለላሞቹ ሣር አጭዳለሁ። በመጨረሻ መዝገቡን ሰጠው። «እዚህ ምስጥ ከሚበላው እዚያ ይቀመጥ» አለ። እኔም ደግ አደረግህ አልኩት።

ሊቀ መንበሩ እየከበደውም ቢሆን ማህተም ያለበት ደብዳቤ ሰጠኝ። የልጄ ልጅ የምትማረው እዚያው ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ ይዛኝ ሄደች። በር ላይ ፈተሹኝ። የድሮው ነገር ያለው ከላይ ከቤተ መጻሕፍቱ ሳይሆን ከምድር ቤቱ ነው፤ ይበርዳል። አንዲት ጓንት ያደረገች ልጅ ካርቶን አምጥታ ፊታችን ከፈተች። ደብተሩን ሽፋኑን ሳየው አወቅኩት። ልገልጠው ጣቴን ወደ አፌ ሳደርግ ያዘችኝ።

«እማማ፣ በምራቅ አይነካም እሺ?»

«የባሌ ደብተር ነው እኮ።»

«የባልዎ ነበር። አሁን የአገር ነው።»

የልጄ ልጅ ያንን ዓመት ፈልጋ አገኘች። የሞቱትን አንድ በአንድ አነበበችልኝ፤ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ፣ ለሁሉም አልቅሻለሁ። ሕፃን የሚል የለም።

«ደግመሽ እይ።»

«የለም፣ እማዬ።»

ባለጓንቷ አሳዘንኳት መሰለኝ፣ «የተማሪው ጽሑፍም አለ፣ ከኋላው ሰዎቹ የተናገሩት እንዳለ ተገልብጧል፤ እሱን እዩት» ብላ ጥቁር ጥራዝ አመጣች። የተናጋሪው ስም የለም፣ «የእድሩ ጸሐፊ» ነው የሚለው። እሱ ነው። የልጄ ልጅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታነብልኛለች፤ ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ቃሬዛው፣ ሬሳ ስለሚሸከሙት ተራ። ልክ የእሱ አነጋገር። ሳቅሁም። ከዚያ ማንበቧን አቆመች።

«ምን ይላል?»

«ስለ ሌላ ነገር ነው።»

«ስለ ሌላ ከሆነ ምን ያስለቅስሻል? አንብቢ።»

አነበበች። ክርስትና ያልተነሳ ሕፃን የት ይቀበራል ብሎ ተማሪው ጠይቆታል። እሱ እንዲህ ብሏል፦ «ቅጥር ውስጥ አይገባም። እኔም የራሴን ልጅ ከአጥሩ ውጪ፣ ከገብሱ ማሳ ዳር ነው የቀበርኳት። ቄሱ ሳይደርሱ መንገድ ላይ እጄ ላይ ሞተች። እናቷ ያኔ አራስ ነበረች፣ ይሄን ብነግራት አትተርፍም ብዬ ፈራሁ። ተጠመቀች አልኳት። ግቢ ውስጥ ድንጋይ አቆምኩላት። ይሄን አትጻፈው፣ ባለቤቴ አታውቅም።»

ጻፈው። አትጻፈው ማለቱን ጨምሮ ጻፈው።

እኔ ያን ሰዓት ከበረቱ ጀርባ ሣር እያጨድኩ ነበር። ሃያ እርምጃ አይሆንም። ለባዳ ልጅ፣ ለአንድ ወር እንግዳ የነገረውን ለእኔ ሳይነግረኝ ሞተ። ወረቀቱ ላይ «ሴት ልጅ» ነው የምትባለው። እኔ የምጠራበት ስም ነበረኝ፤ እሱን አላስጽፍም።

«ይቺን ገጽ ማውጣት ይቻላል?» አልኳት ባለጓንቷን።

«አይቻልም፣ እማማ። እዚህ የገባ አይወጣም።»

በታክሲ ተመለስን። ቤቴ ሳልገባ ሊቀ መንበሩ ጋ ሄድኩ። በር ላይ ተቀምጧል። ፊቴን አይቶ ዓይኑን መሬት ጣለ።

«ታውቁ ነበር?»

«እህቴ፣ ጉድጓዱን ማን የቆፈረው ይመስልሻል?»

«ይሄን ሁሉ ዘመን ባዶ ድንጋይ ስስም እያያችሁኝ?»

«ምን እንበልሽ? መጀመሪያ ብትሞቺስ ብለን ፈራን። ኋላ ሌላ ልጅ ወለድሽ፣ ተዉአት አልን። ከዚያ ወዲያማ ሰዓቱ አለፈ።» ደግሞ፣ «እኔ እመሰክርልሻለሁ። ከድንጋይዋ ሥር አፈር እንዘግንና በልጅሽ ስም ይሂድ። ማን ያውቃል?» አለኝ።

«እኔ አውቃለሁ» አልኩት።

እውነቱን ልናገር፣ ሁለት ቀን አሰብኩበት። አፈሩን አስዘግኜ፣ አዲሱ መቃብር ላይ ድንጋይ አቁሜ፣ እንደ ልማዴ ብኖርስ? ማንን እጎዳለሁ? ግን ከንፈሬን እዚያ ድንጋይ ላይ ማድረግ አስጠላኝ። ሄጄ የሕፃኗን ምዝገባ ትቼዋለሁ አልኩ። የቤተ ክርስቲያኑ ጸሐፊ «ማስረጃው ጠፋ?» አለኝ። «ተገኘ» አልኩት።

የማንሳቱ ቀን ብዙ ሰው ነበር። አጽሙን በነጭ ጨርቅ እየጠቀለሉ በትናንሽ ሣጥን ያደርጋሉ። የባለቤቴን ሲያወጡ ብዙ የምለው ነበረኝ። አውጥተው ሲያሳዩኝ ግን ያቺን ሕፃን የምታህል ነገር ሆኗል፤ ምን ይባላል? ጨርቁን ራሴ አጠፍኩለት። ቆፋሪው ወደ ትንሿ ድንጋይ ዞረ።

«ይቺስ?»

«ተዋት፣ ባዶ ናት» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። የእድሩ ሽማግሌዎች ሁሉ አጎነበሱ። አንድም «እንዴት ባዶ?» ያለ ሰው የለም። በሳምንቱ ግሬደሩ ገባ።

የባለቤቴን ሣጥን ከከተማ ዳር አዲሱ ቦታ ላይ ብቻውን አስቀመጥነው።

ማሳው የት እንደነበር አልጠፋኝም፣ የራሳችን ማሳ ነው። ከተማው ሲሰፋ ከተወሰደብን በኋላ ፎቅ ተሠራበት፣ ከሥሩ ሴራሚክ ይሸጣሉ። ወደ ሀይሌ ጋርመንት በታክሲ ስሄድ ስንቴ አልፌዋለሁ። አንድ ጠዋት ማንንም ሳልይዝ ሄድኩ። ከአጥሩ ወደዚህ ምን ያህል እርምጃ እንደሚሆን ልቆጥር ሞከርኩ፤ አጥሩም ቦታው ተለውጧል። ከሱቁ በር ላይ ቆምኩ። ውስጡ ወለሉ ያብለጨልጫል። እግሬን ማንሳት አቃተኝ፤ የቱ ጋ እንደምረግጥ አላውቅም።

ዘበኛው ወንበር አወጣልኝ። «ታክሲ እየጠበቁ ነው፣ እማማ? ፀሐይ ነው፣ ወደ ውስጥ ገባ ይበሉ።»

«አይ፣ እዚሁ ይሻለኛል። እዚህ ጋ ገብስ ማሳ ነበር።»

«እዚህ ሰፈር ሁሉም ማሳ ነበር አሉ» አለኝና ደንበኛ ሲመጣ በሩን ሊከፍት ሄደ።

ማልቀስ ፈለግሁ፤ ሰው ይሰበሰብብኛል ብዬ ተውኩት። ወንበሩን ጠርጌ መለስኩለት።