የጓያ እንፋሎት

ባለፈው ዓርብ ረፋድ ላይ፣ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ የሚኖረውን የአጎቴን ልጅ ደምሴን ልጠይቅ ሄድኩ። እግሩን አሞታል ብለውኝ ነበር።

ግቢው ደጃፍ ስደርስ ሚስቱ የሺ እጇን ዘረጋች።

«ጋሼ፣ በዚያ በኩል ይዙሩ። እንፋሎቱ እንዳያገኝዎት።»

ጓያ እየቀቀለች ነው... ደጅ፣ ሜዳ ላይ። ደምሴ ነፋሱን ሸሽቶ ከቤቱ ጀርባ ተቀምጧል። ሊቀበለኝ በዱላ ተደግፎ ሲነሳ በእግሩ ጣቶች ቆመ፤ ተረከዙ መሬት አልነካም። አምና ሞፈርና ቀንበር ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ሰው ነበር።

«ጓያ ሰበረኝ» አለ። «ሳልጠነቀቅ ቀርቼ አይደለም ጋሼ። ገለባው ላይ አልተኛም፤ ሲቀቀል አጠገቡ አልደርስም።»

ምሳ ቀረበ። ጾም ነው... የጓያ ሽሮ፣ ከጎኑ የጓያ ንፍሮ። ደምሴ እየጎረሰ «ብላ እንጂ» ይለኛል።

ጋዜጣ ላይ ስሠራ ከአንድ ሐኪም የሰማሁትን ነገርኩት። የነርቭ ሴሎቻችን ሽፋን ላይ ጥቃቅን በሮች አሉ፤ መልእክት ሲደርሳቸው ተከፍተው ወዲያው ይዘጋሉ። ጓያ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ያንን መልእክት መስሎ ይመጣና በሩን ከፍቶ ያቆየዋል። መግባት የሌለበት ይጎርፋል፤ ሴሉ ይሞታል። እግርን የሚያዙት ነርቮች ቀድመው ይጎዳሉ።

«እንፋሎቱ አይደለም ደምሴ። የምትበላው ነው።»

ማኘኩን አቆመ።

«ውሃው እየተደፋ ቢቀቀልስ?» አለች የሺ።

«ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ከስንዴ ጋር ብትቀላቅዪው ግን...»

«ስንዴውንማ በረዶ መታው። የተረፈን ጓያው ብቻ ነው።»

ደምሴ ጉልበቱን እያሸ አየኝ። «የተከፈተው በር ይዘጋል ጋሼ?»

«አሁን ካቆምክ ላይብስ ይችላል... የሞተው ግን አይመለስም።»

ፈገግ አለ። «እንፋሎቱ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ከእንፋሎት ዘወር ይባላል።»

«አብሽር» አልኩት። ምን ይዤ እንዳልኩት አላውቅም።

የሺ ትሪውን አነሳች። በሩ ላይ ቆም ብላ ወደ ባሏ ሳይሆን ወደ እኔ ዞረች።

«ታዲያ ለራት ምን ልሥራ?»

ዕድሜዬን በጋዜጠኝነት ሰው ስጠይቅ ኖሬያለሁ... መጠየቅ ይህን ያህል ቀላል ሥራ መሆኑን ያወቅኩት ያን ቀን ነው።