ያልተገኘው የለቅሶ ቤት

ሰዓት ሠሪው ጎረቤቴ ቀኑን ሙሉ አይናገርም። ሥራውን የሚሠራው ዓይኑ ላይ ማጉያ መነጽር ሰክቶ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ ነው። አንድ ቃል ቢያመልጠው ከአሸዋ ቅንጣት የማትበልጥ ብሎን ከጠረጴዛው ትበርና ያለችበት አይገኝም። ለሚያጣድፈው ደንበኛ ሁሉ መልሱ አንድ ስለሆነ የሰፈሩ ሰው «ቀስ በል» ብሎ ስም አወጣለት። በሆዱ ያጠራቀመውን ወሬ የሚያወርደው ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ሄዶ፣ ፊቱ በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ ወንበሩ ላይ ሲጋደም ብቻ ነው። ያኔማ ማን ዝም ያሰኘዋል!

ቤቱ ከሱቁ ጀርባ ነው፤ በመሐል መጋረጃ ብቻ አለ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባና ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሰዓቶች የየራሳቸውን ጊዜ ይዘው ሲመቱ፣ እዚያ የተቀመጠ ሰው ጠዋት ይሁን ማታ ይጠፋዋል። ሚስቱ ከመጋረጃው ወዲያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች። የደም ግፊት አለባት። ሐኪም ያዘዘላትን ነጭ ኪኒን በየቀኑ ትውጥ ነበር።

አንድ ቀን ታናሽ እህቷ በስልክ የድምፅ መልእክት ላከችላት። አንዲት ሴት እያለቀሰች ትናገራለች፦ «ወገኖቼ፣ ያቺን ነጭ የግፊት ኪኒን እንዳትነኳት! እዚሁ እኛ ሰፈር አንዲት እናት ውጣ ተኛች፤ በዚያው ቀረች። ለምትወዱት ሁሉ አስተላልፉ።»

ሚስቲቱ ኪኒኑን መሳቢያ ውስጥ ዘጋችበት። ከኪኒኑ ይልቅ ግን የያዛት የሟቿ ነገር ነው። በህልሟ ትመጣባት ጀመር።

«እዚህ ከእግሬ በኩል ትቀመጣለች» አለችኝ ልጠይቃት በገባሁ ጊዜ። «ፊቷን አታዞርልኝም። እጆቿን ግን የሆነ ቦታ የማውቃቸው ይመስለኛል።»

እየቆየ ራሷን ይወቅራት፣ ዓይኗም ላይ ጭጋግ ይሞላባት ጀመር። ግድግዳ እየተደገፈች ትሄዳለች። ሰዓቶቹ ውሃ ውስጥ ሆነው የሚመቱ ይመስሉኛል ትላለች።

ቀስ በል መጀመሪያ የሮጠው ፋርማሲ ነው። ባለ ፋርማሲዋ ስልክ ደውላ ጠየቀችለት፤ እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ ያወጣ መሥሪያ ቤት የለም። ይልቅ መድኃኒቱን በድንገት ማቋረጥ አደገኛ መሆኑን፣ ዛሬ ነገ ሳይል ሐኪሟ ዘንድ እንዲወስዳት ነገረችው። ሚስቱ ግን ወይ ፍንክች!

«እሷማ ምን ትበል? ሻጭ ሸቀጡን ያማል እንዴ?»

«ታዲያ ማን ይንገርሽ?»

«የሟቿ ቤተሰብ ነዋ። ደግሞስ እዚሁ ሰፈር ሰው ሞቶ ለቅሶ አለመድረስ ነውር አይደለም? ቤቱን ፈልግና እንሂድ። እነሱ ‹ኪኒኑ አይደለም የገደላት› ካሉኝ፣ ሐኪሙም ጋ እሄዳለሁ፣ ያለኝንም እውጣለሁ።»

«ማልሽ?»

«በአንተ ሞት!»

«የኔን ሞት ተይው፤ አንዱ ለቅሶ ይበቃናል።»

እኔ አጠገቧ እንድቆይ ለምኖኝ ሱቁን ዘግቶ ወጣ። የሰዓት ስሕተት የሚታየው መርፌው ላይ ነው፤ የሚገኘው ግን በማርሾቹ ወደ ኋላ ጥርስ በጥርስ ሲከተሉት ነው። ወሬውንም እንደዚያው ያዘው።

የሚስቱ እህት «ጋሼ፣ ድምፁ የልብስ ሰፊዋ ነው፤ ውሸት አታውቅም» አለችው።

ልብስ ሰፊዋ እግሯን ከስፌት መኪናዋ መርገጫ ሳታነሣ ተቀበለችው። «እንባዬ እየወረደ ነው የቀረጽኩት አባባ። ‹ኪኒን ውጣ ተኛች፤ ብትጠራ ብትጠራ አልሰማ አለች› ሲሉኝ ምን ልበል? ሞተች ማለት ነው እንጂ!»

«ማነው ያለሽ?»

«ፀጉር አስተካካዩ ነው። ቤታቸውን ግን ሳልጠይቀው ቀረሁ፤ ሐዘኑ አስረሳኝ።»

ፀጉር አስተካካዩ ምላጭ እየሳለ ነበር። «ጋሼ ቀስ በል! ጢምዎ ገና አልደረሰ፤ ምን እግር ጣለዎት?»

«ያቺ ኪኒን ውጣ የሞተችው ሴት ቤቷ የት ነው?»

«የሞተች? ኧረ ተኛች ነው ያልኩ!»

«እሺ፣ የተኛችው። ማን ናት?»

ሰውየው ምላጩን አስቀምጦ በመስታወቱ ውስጥ ትክ ብሎ አየው። «እየቀለዱብኝ ነው ጋሼ? እዚህ ወንበር ላይ ተጋድመው ‹ሚስቴ ኪኒኗን ውጣ፣ ማንኪያ እንደያዘች እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወሰዳት፤ ብጠራት አልሰማ አለችኝ› ያሉኝ እርስዎ አይደሉም? ስምዎን ላለማንሣት ብዬ ‹አንዲት እናት› አልኩ። እኔ እኮ ምስጢር ጠባቂ ነኝ!»

ሲመለስ በመስኮት አየሁት። ፀሐይዋ መንገዱን ሁሉ ወርቅ አስመስላው ነበር፤ እሱ በመሐሉ ተኝቶ እንደሚሄድ ሰው እግሩን እየጎተተ ይመጣል። ሚስቱ ጥቁር ልብሷን ለብሳ፣ ጫማዋን አጥልቃ ጠበቀችው።

«አገኘኸው ቤቱን?»

«አገኘሁት።»

«ሩቅ ነው? እግሬ አይችልም እኮ።»

«ተቀመጪ። ደርሰናል።»

ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየች። አልጋውን አየች፤ መጋረጃውን አየች። ከዚያ ዓይኗ ጉልበቷ ላይ ባረፉት በገዛ እጆቿ ላይ ቆየ።

«ማንኪያ እንደያዝሽ እንቅልፍ የወሰደሽ ቀን ትዝ ይልሻል?» አላት። የቀረውን አንገቱን ደፍቶ፣ አንዱንም ሳይደብቅ ነገራት።



«ሟቿ እኔ ነኝ በለኛ።»

«አንቺ ነሽ።»

እጇን ዘረጋችለት። «እንግዲያው እግዜር ያጥናህ። ግን ምነው፣ ሚስትህ ሞታ እንባ እንኳ የለህም?»

ይኼኔ እንባው መጣ። እየሳቀ ነው ያለቀሰው።

መሐላዋን አልበላችም። በዚያው በጥቁር ልብሷ፣ ግራና ቀኝ ደግፈናት ክሊኒኩ ሄድን። ሐኪሙ ግፊቷን ለክቶ ፊቱን ቋጠረ። እንቅልፍ የማያበዛ ሌላ መድኃኒት አዘዘላትና «እንዲህ ሲያደርግሽ ለኔ መንገር እንጂ መተው የለም» አላት። ስንመለስ ሚስቱ ልብስ ሰፊዋ ደጃፍ ላይ ቆመች።

«ያስለቀስኩሽ እናት እኔ ነኝ» አለቻት። ልብስ ሰፊዋ ጮኸች፤ ከዚያ አቀፈቻት፤ ከዚያ ስልኳን አወጣች። ሟቿ በገዛ ድምፅዋ እንዲህ ስትል ተቀዳች፦ «ነቅቻለሁ። መድኃኒታችሁን ሐኪም ሳትጠይቁ አትተዉ።» ይሄኛው መልእክት እንደ ፊተኛው ክንፍ አላወጣም፤ ግን እየተንፏቀቀም ቢሆን ሰፈሩን ዞረ።

ጥቂት ሰንብቼ ብጠይቃት ጭጋጉ ከዓይኗ ተገፎ፣ ሹራቧን ይዛ አገኘኋት። መጋረጃው ተከፍቷል።

«ያቺ ሴትዮ ዛሬም ትመጣለች?» አልኳት።

«አንድ ቀን መጣች። ፊቷንም አዞረችልኝ» አለች ዓይኗን ከክሩ ሳታነሣ። «ምስኪን፣ እንዴት አርጅታለች!»