ከምርቃት በኋላ

እኅቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት። ከሮብ ገበያ ወዲያ፣ የጮቄ ጉም ከሰዓት በኋላ በሚወርድበት ገጠር፣ ባሏ ሲሞት በተወላት ቤት ትኖራለች፤ መሬቷን ለእኩል ሰጥታ ገብስና ድንች ታሳርሳለች። የቀበሌውን ስም አልጠቅስም። ኢንሱሊኗን እርጥብ አሸዋ በሞላው ገንቦ ውስጥ ከጓዳው ጥግ ታስቀምጣለች፤ ጠዋትና ማታ ራሷን ትወጋለች። መርፌው ሲገባ ፊቷ አይለወጥም። የሚለወጠው ብልቃጡን ወደ በሩ ብርሃን ከፍ አድርጋ የቀረውን ስታይ ነው።

እኔ ታናሿ ነኝ። ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ ለራዲዮ ዜና እሠራለሁ። የጤና መድን ስብሰባ ብዙ ዘግቤያለሁ፤ ይኼኛው ግን በዜና ውስጥ አልገባ ስላለኝ እዚህ እጽፈዋለሁ።

መድኑ ወደ ቀበሌው ሲመጣ ቀድመው ከተመዘገቡት አንዷ እኅቴ ነበረች። አሠራሩ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ እህል ከገባ በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላል፣ ፎቶ ያለበት ካርድ ይሰጠዋል፣ ሲታመም ካርዱን ይዞ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ምርመራው በእርግጥም በነፃ ነበር። ችግሩ መድኃኒቱ ላይ ነው። መንገድ በተዘጋ ቁጥር የጤና ጣቢያው መደርደሪያ ባዶ ይሆናል፤ መንገድ ሲከፈትም ቶሎ አይሞላም። ባለሙያዋ የመድኃኒቱን ስም ትጽፍና «ከውጭ ግዙ» ትላለች። ውጭ ማለት ደብረ ማርቆስ ያሉት የግል ፋርማሲዎች ናቸው። እዚያ ካርዱን ብታሳዩ የሚያየው የለም።

ሰዉ ተማረረ። በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በገበያ መንገድ፣ በለቅሶ ቤት ወሬው ይኸው ሆነ። በመጨረሻ ቀበሌው ተሰብስቦ ጥያቄ አቀረበ፤ ጤና ጣቢያው የሌለውን መድኃኒት መድኑ ከግል ፋርማሲ ገዝቶ ይስጠን፣ ያለዚያ ካርዱን አናድስም አለ። መድን ደግሞ ሰው ካልበዛበት አይቆምም፤ ታማሚው የሚታከመው ጤነኛው ባዋጣው ነው። ስለዚህ ከመድኑ ጽሕፈት ቤት አንድ ኃላፊ የመሃል ሐሳብ ይዞ መጣ። ለወሊድ፣ ለሕፃናትና ለድንገተኛ ሕመም ከውጭ የሚገዛውን መድኃኒት መድኑ ይሸፍናል። ዕድሜ ልክ የሚወሰደው፣ የስኳሩ፣ የደም ግፊቱ፣ የሚጥል በሽታው ደግሞ «በሚቀጥለው ዓመት ይታያል»። ቀበሌው በበኩሉ አንድ ቤት ሳይቀር ካርዱን ያድሳል። እሑድ ተሰብስባችሁ ወስኑ ተባለ።

ቅዳሜ ከሰዓት እኅቴ ዘንድ ሄድኩ። በረንዳው ላይ ተቀምጣ ለዘር የሚሆን ድንች ትመርጥ ነበር።

«ምን ትያለሽ?» አለችኝ ቀና ሳትል።

«የሚሆነውን እዘግባለሁ እንጂ እኔ ምን እላለሁ?»

«ኧረ ባክሽ! ለራዲዮ ጠየቅሁሽ? ለእኔ መልሺ።»

የማውቀውን ነገርኳት። በየጁቤ በኩል አንድ ቀበሌ ሁሉንም ካልሰጣችሁን ብሎ እምቢ አለ፤ ምንም ሳያገኝ ከርሞ በኋላ ያለ አንዳች ለውጥ ካርዱን አደሰ። ሌላ ቦታ ደግሞ ግማሹን ተቀበሉ፤ የቀረው ግማሽ እስከ ዛሬ አልመጣም። ሁለቱንም በዓይኔ አይቻለሁ።

«አይ ጋዜጠኛ!» ብላ ሳቀች። «ምከሪኝ ብላት ወሬ ትነግረኛለች።»

ከዚያ ሳቋ ቆመና የራሷን ነገረችኝ። እምቢ ማለት አልፈለገችም። የጎረቤቷ ሚስት እርጉዝ ናት፤ ያለፈውን ስትወልድ ደም ፈሷት ልትሞት ደርሳ ነበር። «እሷን ትቅር አልልም» አለች። «ያሉትን ሁሉ እንቀበል፤ አንድ ነገር ብቻ ይጨምሩ፤ ኢንሱሊን። እሱ ከሌለ የሚሞተው ሰው ይታወቃል፤ በእጅ የሚቆጠር ነው። ስንት ሰው ነው በዚህ ቀበሌ የሚወጋ?» ይህንን ነገ በስብሰባው ቆማ እንደምትናገር ነገረችኝ። ድንቹን ትታ ንግግሩን ደጋግማ አሰማችኝ፤ አንዴ በቁጣ፣ አንዴ በልመና። በልመናው እንዳይሆን ተስማማን። ተደራዳሪ ሆኖ ብዙ ሰው ሲቀርብ አይቻለሁ፤ ያን ያህል የተመጠነ ሐሳብ ከቢሮ ሰው አልሰማሁም።

እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ሰዉ ከቅጥሩ ውጭ ካለው ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። ወንዶቹ ድንጋይ ላይ፣ ሴቶቹ ከኋላ ሣር ላይ ተቀመጡ። ወንዶች በየዕድሜያቸው ይናገራሉ፤ ሴቶች መጨረሻ ላይ። እንዲህ ነው፤ ማንም ደንግጎት አይደለም። መቅረጫዬን ከፊት ሳስቀምጥ አንዱ «ራዲዮኗ መጣች፤ ጉሮሯችሁን ጥረጉ!» አለና ሰዉ ሳቀ።

ኃላፊው አጭር ተናገረ። «ሁሉን በአንድ ጊዜ ማግኘት አይቻልም። የተገኘውን ዛሬ እንያዝ፤ የቀረውን ለከርሞ እንነጋገራለን።»

የቀበሌው ነዋሪ የሆነ ጨርቅ ነጋዴ ተነሣ፤ እናቱ የደም ግፊት አለባቸው። «ወላሂ እኔ ለከርሞ መጠበቅ እችላለሁ» አለ። «እናቴ ግን ኪኒኗን የምትውጠው በየቀኑ ነው። ደሟን ለከርሞ ውረድ ልበለው?»

እርጉዝ ሚስት ያለችው የእኅቴ ጎረቤት አላስጨረሰውም። «የእኔዋስ ለከርሞ ትጠብቃለች? ያለፈው ጊዜ ከውጭ ግዛ ተብዬ በሬ ሸጫለሁ! ግማሽም ቢሆን ስጡኝ!»

«እና የእኔ እናት ትሙት?»

«አንተ ሱቅ አለህ፤ ግዛላት!»

«አንተስ የቀረህ በሬ አለ፤ ሽጠው!»

አንዳንዱ ሳቀ። ጎረቤቷ ግን አልሳቀም፤ ዱላውን ይዞ ተነሣ። ነጋዴውም ኩታውን ከትከሻው ጣለ። ወንዶቹ መሃል ገቡ። በዚህ ጊዜ እኅቴ ከሴቶቹ መሃል ነጠላዋን እያስተካከለች ነበር፤ የሴቶቹ ተራ ሊደርስ ትንሽ ነው የቀረው።

የቀበሌው ትልቅ ሽማግሌ ብድግ አሉ።

በእኛ አገር ስብሰባ ሲግል ሽማግሌ ተነሥቶ ይመርቃል። ሲመረቅ ማንም አይቀመጥም፣ ማንም ዱላ አያነሣም፤ ጠቡ እዚያው ይበርዳል። በእኛው አገር ደግሞ ከተመረቀ በኋላ ነገር አይነሣም። ሁለቱም የቆዩ ልማዶች ናቸው፤ ሲጋጩ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

ሽማግሌው መዳፋቸውን ዘረጉ። «ጠብን ከመካከላችን ያርቅልን።» አሜን። «የተጣላውን ያስታርቅልን፣ የታመመውን ይማርልን።» አሜን። «ያረገዘችውን በሰላም ያገላግልልን፣ ለእናንተ ጤና ለአገሩ ሰላም ይስጥልን።» አሜን። ቅጂው እጄ ላይ ስላለ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ከሴቶቹ በኩል ከሁሉ ጎልቶ የሚሰማው አሜን የእኅቴ ነው። ለመናገር ያዘጋጀችው ድምፅ ነበር።

ኃላፊው ማኅደሩን ብብቱ ሥር ከተተ። «አባቶች መርቀውታል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን» ብሎ ወደ ሞተሩ ሄደ። ሰዉ ነጠላውንና ጋቢውን እያጣፋ ተበተነ። እኅቴ መዳፏን ሳትሰበስብ ቆማ ቀረች።

«ተናገሪ እንጂ!» አልኳት።

«ከምርቃት በኋላ? አብደሻል?»

ማታ ዜናውን ስጽፍ «በስብሰባው ድምፅ አልተሰጠበትም» አልኩ። አዘጋጁ ስልክ ደወለልኝ።

«አሜን ብለዋል አላሉም?»

«ብለዋል። ግን ጠቡ እንዲበርድ ሲመረቅ ነው።»

«እንግዲህ አሜን ካሉ ምን ቀረ?»

ነዋሪዎቹ ሐሳቡን በሙሉ ድምፅ ተቀበሉት ተብሎ ተነበበ። በቅጂው ላይ እንዲህ የሚል አንድም ሰው የለም።

በማግስቱ ከእኅቴ ጋር ሽማግሌው ቤት ሄድን። ደጃቸው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ነገሩን ስነግራቸው ከልብ ደነገጡ። «እኔ ልጆቹ እንዳይፈነካከቱ ነው እንጂ ስለ መድኑ መቼ መረቅሁ?»

«እንግዲያስ ይህንኑ ለኃላፊው ይንገሩልን» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ያ ምርቃት እኮ ለዚህ አልነበረም ብዬ ልመስክር? እርጉዟም ተመርቃበታለች። እሷን ከምርቃቱ እንዴት ላውጣት?» ከዚያ ወደ እኅቴ ዞሩ። «አንቺስ ምን ትያለሽ? መልሱት ካልሽኝ እመልሰዋለሁ።»

እኅቴ መሬት መሬት አየች። «አይመልሱት፣ አባባ» አለች።

በመንገድ ላይ ተቆጣኋት። «እሺ ብለውሽ ነበር እኮ!»

«እሺ አላሉም። እኔን እሺ አሰኙኝ» አለችኝ።

የሆነውን ሁሉ መጻፍ ስላለብኝ ይህንንም እጽፋለሁ፤ ስምምነቱ ሠርቷል። የጎረቤቷ ሚስት ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል በሰላም ወለደች፤ ከውጭ የተገዛውን መድኃኒት መድኑ ከፈለ፤ የቀረው በሬ በረት ውስጥ ነው። እኅቴ ለክርስትናው ሄዳ ልጁን አቅፋ ስማለች።

እሷ ግን ኢንሱሊኑን ማብቃቃት ጀመረች። የጠዋቱን ሙሉ ትወጋና የማታውን ትቀንሳለች። መንገድ ተዘግቶ ሚኒባስ ሲቀር ደግሞ ጠዋትም ትቀንሳለች። እኔ ባገኘሁ ጊዜ እየገዛሁ እልክ ነበር፤ የላክሁት መንገድ ላይ የቀረበትም ጊዜ አለ። አንድ ቀን ጫማዋ የግራ እግሯን ላጠው። እንዳልተሰማት ነገረችኝ። ቁስሉ ጠቆረ፤ ሽታው ከነጠላዋ ሥር መጣ። ሆስፒታል ስናደርሳት ሐኪሙ ሁለት ጣቶቿ ካልተቆረጡ እግሯ እንደማይተርፍ ነገረን።

ገንዘብ ቤት ካርዷን ሰጠሁ። ገንዘብ ተቀባይዋ አየችውና መለሰችልኝ። «ድንገተኛ ስለሆነ መድኑ ይሸፍነዋል» አለች፣ ደስ የሚል ነገር እንደምትነግረኝ ፈገግ ብላ። ቀዶ ጥገናውም፣ ከውጭ የተገዛው የቁስል መድኃኒትም ተሸፈነ። ከሆስፒታል ስትወጣ የተጻፈላት ኢንሱሊን አልተሸፈነም።

በዚያው ሰሞን ኃላፊው ደወለልኝ። ካርድ የሚታደስበት ወቅት ደርሶ ኖሮ በራዲዮ የሚናገር ተጠቃሚ ይፈልግ ነበር። «አንድ ጥሩ ምስክር ፈልጊልን፤ መድኑ የደረሰለት ሰው።» ለእኅቴ ነገርኳት። አልጋዋ ላይ ሆና በፋሻ የታሰረውን እግሯን አየችው። «እኔን ውሰጂኝ» አለች። «ጣቶቼ በነፃ ሄዱልኝ እላለሁ። ሐሰት የለበትም።»

ምስክር አላገኘሁም ብዬ መለስኩለት።

ዘንድሮም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከዚያው ዛፍ ሥር ስብሰባ ነበር። እኅቴ በምርኩዝ መጣች፤ ከኋላ ሣሩ ላይ አልተቀመጠችም፤ ከወንዶቹ ፊት አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሂጂ ያላት የለም። ኃላፊው ከመጀመሩ በፊት ምርኩዟን አነሣች።

«አባባ፣ እኔ ዛሬ ከምርቃቱ በፊት ነው የምናገረው።»

«ተናገሪ፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። ቀና ብለው አላዩዋትም።

ያን ቅዳሜ በረንዳው ላይ የተለማመደችውን ተናገረች፤ አንድም ቃል አልጨመረችም። ስለ ጣቶቿም አላነሣችም። ነጋዴው «እውነቷን ነው» አለ፤ ጎረቤቷም አንገቱን ደፍቶ «እውነቷን ነው» አለ።

ኃላፊው በትሕትና አዳመጠ። «ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ለበላይ አካል እናቀርባለን» አለ። «ግን አንድ ነገር አትርሱ። የዓምናውን ስምምነት ያጸደቃችሁት ራሳችሁ ናችሁ።»

ካርዱ እንዲታደስ ተወሰነ፤ ኢንሱሊኑ ለበላይ አካል ተላከ። ሽማግሌው ለመመረቅ ተነሡ፤ ሰዉም ተነሣ። አሜን፣ አሜን ተባለ። እኅቴ ሁለት እጇን ምርኩዟ ላይ አድርጋ ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጠች ነበር። አፏ አልተንቀሳቀሰም።

ወደ ቤት ስንመለስ ክንዷን ደገፍኳት። «እግርሽ አሞሽ ነው ያልተነሣሽው?» አልኳት።

ትንሽ ሄደችና ቆመች።

«ጠዋት ወንጌል ሲነበብ ቆሜ አላየሽኝም?»