የኦቦ ዋቆ እሺ

ሱሉልታ ውስጥ ኦቦ ዋቆን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ትናንት በሚኒባስ የገባ መሆን አለበት። ከጫንጮ መንገድ ገባ ብሎ፣ ድርቆሽ እንደ ጎጆ የተከመረበት ሰፊ ግቢ የእሳቸው ነው። ወተትና ሣር ሸጠው ልጆቻቸውን ሁሉ ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል። የመጨረሻዋ ጂቱ ደግሞ ከተማ ወርዳ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች።

ሰውዬው ሁለት አመል አለባቸው። አንደኛው መጠየቅ ነው። መንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ፣ መሐንዲስም ይሁን የሚስማር ነጋዴ፣ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ሳይጠይቁ አይለቁም። ሁለተኛው ይብሳል፤ እምቢ ማለት አያውቁም። አባታቸው «እንግዳን አይሆንም ያለ ደጁን በሾህ አጠረ» እያሉ ነው ያሳደጓቸው። በሬ አውሱኝ ቢሏቸው እሺ፣ ጋጣውን ልከራይ ቢሏቸው እሺ። እኛ ጎረቤቶቻቸው ግን እናውቃቸዋለን። ተቀምጠው እሺ ካሉ «እንዳላስቀይምህ ነው፣ በሰላም ሂድ» ማለታቸው ነው። ብድግ ካሉ ግን አለቀ፣ በሬው ያንተ ነው። እና እኛ አፋቸውን ትተን ጉልበታቸውን ነበር የምናየው።

ፕሮፌሰር ብርሃነሽ የሚባሉ የዩኒቨርሲቲ መምህርት በየዓመቱ መስቀል ሲያልፍ ተማሪዎቻቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ የገበሬውን ኑሮ ለማጥናት። ኦቦ ዋቆ ያን ቀን እንደ ሠርግ ነው የሚጠብቁት። ከጽዱ ዛፍ ሥር አጎዛ ይነጠፋል፣ እርጎ ይቀርባል። ተማሪዎቹ አንድ ሲጠይቋቸው እሳቸው ሦስት መልሰው ይጠይቋቸዋል።

«ይሄ ሶሲዮሎጂ የምትሉት ምንድን ነው?»

«የሰው ልጅ አብሮ እንዴት እንደሚኖር የሚያጠና ነው፣ አባባ።»

«ታዲያ እሱን ለማወቅ ክፍል ውስጥ ምን ያስቀምጣችኋል? ለቅሶ ቤት አትሄዱም?»

ፕሮፌሰሯ እንባቸው እስኪመጣ ይስቁ ነበር። እውነት ለመናገር ሁለቱ ይዋደዳሉ።

አምና እዮብ የሚባል ተማሪ ተራው ደርሶ ጠየቃቸው። ጨዋ ልጅ ነው፣ ፀሐይ አንገቱን አቃጥሎታል፣ በአንድ እጁ እርጎ ይዟል። «ኦቦ ዋቆ፣ ከተማው ወደዚህ ቢሰፋና ካሳ ቢከፈልዎት፣ መሬትዎን ለመልቀቅ ይስማማሉ?» አላቸው።

ኦቦ ዋቆ አጎዛቸው ላይ እንደተቀመጡ ለልጁ አዘኑለት። «እሺ፣ እሺ የኔ ልጅ» አሉት፤ «እርጎህን ጠጣ እንጂ!» እዮብም ጠጣ፤ ጻፈም።

ዓመት ዞሮ ኅዳር ሁለት ሺህ ስምንት መጣ። ከተማውን ወደ ገበሬው መሬት የሚያሰፋው የማስተር ፕላን ነገር አገሩን ያዘው። ዛሬ መንገድ ተዘጋ፣ ነገ ጎማ ተቃጠለ፣ ከነገ ወዲያ የእገሌ ልጅ ታሰረ ይባል ጀመር። ጂቱ ትምህርቱ ስለታወከ ቤት ስትመጣ አባቷን እንኳ በወጉ አልሳመችም።

«አባ፣ መሬቱን እለቃለሁ ብለዋል?»

«እኔ? ለማን?»

ጂቱ ቆማ ነገረቻቸው። ካፍቴሪያ ውስጥ ተማሪዎች ሲከራከሩ፣ እሷ «ገበሬውን ማን ጠየቀው?» ብላለች። እዮብ ደግሞ ከወዲያኛው ጠረጴዛ «እኛ ጠይቀናል። አባትሽን የጠየቅኋቸው እኔ ነኝ፣ እሺ ብለውኛል» አላት። ጥናቱ ታትሟል፤ የሱሉልታ ገበሬ አብዛኛው ይስማማል ይላል።

«የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ሄመን ገበሬው አልተስማማም ብላ ታስራለች። የኔ አባት ደግሞ ተስማምቷል። በምን ዓይኔ ነው ሰው የማየው?» አለችና ማልቀስ ጀመረች።

«ተቀምጬ እኮ ነው ያልኩት!» ብለው ጮኹ ኦቦ ዋቆ።

«ወረቀት ላይ መቀመጥና መነሣት የለም፣ አባ።»

ሰውዬው ደነገጡ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የእሳቸው አፍ ደግሞ መሬታቸውንም ልጃቸውንም ይዞ ገደል እየገባ ነበር። «እወርዳለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ዩኒቨርሲቲው ድረስ ወርጄ እምቢ እላለሁ።»

ግን እምቢ እንዴት ይባላል? መለማመድ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ላሚቱን ሞከሩባት። ሣር ፈልጋ አንገቷን ስታሰግግ «እምቢ!» አሏት። ዞራ አየቻቸው። ወይ ጉድ፣ ሁለት እጥፍ ጨምረው ሰጧት።

በማግስቱ ከጂቱ ጋር ሚኒባስ ተሳፈሩ። ረዳቱ «አባባ፣ ለአንድ ሰው ጠጋ ይበሉልኝ» ሲላቸው እምቢ ለማለት አፋቸውን ከፈቱና፣ እሺ ብለው ተጠጉ። ፍተሻው ጋ ሁሉም ሰው ወረደ። አንድ ወታደር መታወቂያቸውን አገላብጦ «ወዴት ነው?» አላቸው።

«ዩኒቨርሲቲ።»

«ሊማሩ?»

«አዎ። ከዕድሜዬ የቀረብኝ አንድ ትምህርት አለ» አሉት። ጂቱ ከኋላ ቆነጠጠቻቸው። ወታደሩ ሳቀና አሳለፋቸው።

የዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲደርሱ ፍርሃታቸውን ረስተው አረፉት! ዛፉን ማን እንደተከለው፣ መጽሐፉን ሁሉ አንብቦ የጨረሰ ሰው እንዳለ፣ ሐውልቱ የማን እንደሆነ ጠየቁ። ጂቱ እጃቸውን እየጎተተች ፕሮፌሰሯ የሚያስተምሩበት ክፍል ድረስ አደረሰቻቸው። ከተማሪው ግማሹ በረብሻው ቀርቷል። ፕሮፌሰር ብርሃነሽ ሲያዩዋቸው ፊታቸው በራ፤ «ኦቦ ዋቆ! ዛሬ ደግሞ እርስዎ እንግዳ ሆኑልን» ብለው ወንበር ሳቡላቸው። እዮብ ሮጦ ሻይ አመጣ።

ኦቦ ዋቆ ሻዩን አዩት፣ ወንበሩን አዩት፣ አልተቀመጡም።

«ፕሮፌሰር፣ አምና ይሄ ልጅ ስለ መሬቴ ሲጠይቀኝ ተቀምጬ ነበር። ዛሬ ቆሜአለሁ። እምቢ። መሬቴን አልለቅም፣ እምቢ!»

እዮብ የያዘውን ሻይ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ግን ኦቦ ዋቆ፣ እሺ ብለውኝ ነበር እኮ» አለ እዮብ ቀስ ብሎ።

«ብዬሃለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አንተማ የሰማኸውን ጻፍክ። ግን እንግዳዬ ነበርክ፤ እርጎዬን ይዘህ እያየሁህ እንዴት ብዬ እምቢ ልበልህ?» አሉና እኛ ጎረቤቶቻቸው የምናውቀውን ሁሉ፣ የመቀመጡንም የመነሣቱንም ነገር፣ አንድ በአንድ ነገሯቸው።

ፕሮፌሰሯ ወደ ወንበራቸው ተመልሰው ተቀመጡ። መምህርት ናቸውና ጥያቄ ነው የመጣላቸው። «ስንት ሰው ነው እንደዚህ ተቀምጦ እሺ ያለን?»

«ስንት ቤት እርጎ ጠጣችሁ?» አሏቸው ኦቦ ዋቆ። መልሰው መጠየቃቸው ነበር፤ እንደ ልማዳቸው። ማንም አልሳቀም። እዮብ አንገቱን ደፋ።

«እንግዲህ የኔን እሺ ይሰርዙልኝ፣ ፕሮፌሰር። ጥናቱን ባወጡበት ቦታ ሁሉ ተሳስተናል ብለው ይናገሩልኝ።»

«ታትሟል እኮ…» አሉ ፕሮፌሰሯ። «ግን እሺ። እሺ ኦቦ ዋቆ፣ አየዋለሁ።»

ኦቦ ዋቆ ወደ ፕሮፌሰሯ ጉልበት ተመለከቱ። ጂቱም ተመለከተች። በእንግድነት ሄዶ፣ ሻይ ቀርቦለት፣ እሺ የተባለ ሰው አመስግኖ ይወጣል እንጂ ሌላ ምን ይላል? አባታቸው ቢሰሙ ከመቃብር ይነሡ ነበር።

«ፕሮፌሰር» አሉ፣ «እሱን ብድግ ብለው ይበሉልኝ።»

ከኋላ አንድ ተማሪ ሳቀ። ጂቱ የአባቷን እጅ ፈልጋ ያዘች። ፕሮፌሰር ብርሃነሽ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፤ በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ፣ ወደ ተማሪዎቻቸው አዩ። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፍተው ተነሡ።

«እሺ» አሉ።